የሚቀልጥ የማንጎ አይስክሬም በሽቶ ብልቃጥ ውስጥ፦ ዝርዝር የቅመማ መመሪያ

ከማቀዝቀዣ ገና የወጣ የማንጎ አይስክሬም አፍንጫችሁ ሥር አድርጋችሁ አሽትቱት። ምንም አይሸትም ማለት ይቻላል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ የቆየ ነገር እምብዛም አይተንም፤ ያልተነነ ነገር ደግሞ አፍንጫ ዘንድ አይደርስም። ታዲያ በሽቶ ውስጥ «አይስክሬም» የምንለው መዓዛ ከየት መጣ? ከአፍ ነው የመጣው። ማንኪያው ምላስ ላይ ሲያርፍ ቅባቱ ይሞቃል፣ ስኳሩ ይሟሟል፣ መዓዛውም በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። አይስክሬም የሚሸተን ሲቀልጥ ነው።

ይህ ነገር እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ብልቃጥ ደፍቻለሁ። ወተት የሚሸት፣ ማንጎ የሚሸትና «ቀዝቃዛ» የሚሸት ነገር አንድ ላይ ብቀላቅል አይስክሬም የሚሆን ይመስለኝ ነበር። የሚወጣው ግን ለብ ያለ የማንጎ እርጎ ነበር። የጎደለው ንጥረ ነገር አልነበረም፤ ቅደም ተከተል ነው። መዓዛው መጀመሪያ ጥርት ብሎ፣ ቀጥሎ ፍሬ ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ በወተት መዘርጋት አለበት። ለዚህ ደግሞ የሰው ቆዳ ምቹ ነው፤ እንደ አፍ ሞቃት ነውና ሽቶውን ቀስ እያለ ያቀልጠዋል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ይህን መቅለጥ ለመሥራት ነው።

ደረጃ 1፦ አይስክሬሙን በሰዓት አሽትቱ

ወተት ያለበት ጥሩ የማንጎ አይስክሬም ግዙ። በውኃና በስኳር ብቻ የሚሠራው ሶርቤት ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ ማንኪያ ሳሕን ላይ አድርጉ፣ ደብተር ያዙ፣ ሰዓት ተመልከቱ። ከእኔ ደብተር ልጥቀስ። ገና እንደ ወጣ፦ «ባዶ፣ ንጹሕ፣ የታጠበ ብርጭቆ»። በ5 ደቂቃ፣ ዳሩ ማብረቅረቅ ሲጀምር፦ «ኮምጣጣ፣ የማንጎ ልጣጭ፣ ትንሽ ሙጫ»። በ10 ደቂቃ፦ «የማንጎው ሥጋ፣ ጣፋጭ»። በ20 ደቂቃ፣ ሳሕኑ ላይ ቢጫ ኩሬ ሲተኛ፦ «ወተት፣ ስልባቦት፣ ቫኒላ፤ ማንጎው ወደ ኋላ ሄዷል»።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የፍሬን ኮምጣጣ መዓዛ የሚሰጡት ኤስተሮች ቀላል ስለሆኑ ቶሎ ይበራሉ። ላክቶን የሚባሉት የወተትና የኮክ መዓዛ ሰጪዎች ከባድ ናቸው፤ ቅባትም ስለሚወዱ ቅባቱ ውስጥ ተሸሽገው ይቆዩና ዘግይተው ይወጣሉ። እናንተም በራሳችሁ ቃል ጻፉት። የሌላ ሰው ደብተር እስከ መንገዱ አጋማሽ እንጂ ከዚያ ወዲያ አያደርስም።

ደረጃ 2፦ ዕቃ

0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን የግድ ያስፈልጋል። በጠብታ መቁጠር አያዋጣም፤ የአንዱ ጠብታ ከሌላው ይለያያል። ቡናማ የብርጭቆ ብልቃጦች፣ ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ የፕላስቲክ ጠብታ ማንሻ፣ የመዓዛ ወረቀት፣ ጓንትና 96 በመቶ ኢታኖል አዘጋጁ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የቁስል አልኮል ውኃ ስለሚበዛበት ሽቶውን ያደፈርሰዋል።

ኃይለኛ ንጥረ ነገሮችን አስቀድማችሁ በርዙ፦ 1 ግራም በ9 ግራም አልኮል ሲበረዝ 10 በመቶ ይሆናል፤ የ10 በመቶው 1 ግራም እንደገና በ9 ግራም አልኮል ሲበረዝ 1 በመቶ ይሆናል። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን ጻፉ። እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ስትገዙ የደኅንነት ሰነዱንና በቆዳ ላይ የሚፈቀደውን ከፍተኛ መጠን ከሻጩ ጠይቁ፤ ይህን የማይሰጥ ሻጭ ዘንድ አትግዙ።

ደረጃ 3፦ ወተቱ

የሥራው ግማሽ እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉን ላክቶኖች በሁለት ቤተሰብ ይከፈላሉ፤ ጋማና ዴልታ። ጋማዎቹ ወደ ፍሬ ያደላሉ። ከመካከላቸው ታዋቂው ጋማ ኡንዴካላክቶን ነው፤ በንግድ ስሙ አልዲሃይድ ሲ-14 ይባላል። ስሙ ያሳስታል፦ አልዲሃይድ አይደለም፣ የካርቦኖቹም ቁጥር 11 እንጂ 14 አይደለም። የበሰለ ኮክ ይሸታል፤ ፈረንሳዊው ሽቶ ቀማሚ ዣክ ጌርላን እ.ኤ.አ. በ1919 ሚትሱኮ የተባለውን ሽቶ ሲቀምም የተጠቀመበት ይህንኑ ነው። ዴልታዎቹ ግን ወተት ናቸው። ዴልታ ዴካላክቶንና ዴልታ ዶዴካላክቶን በቅቤና በወተት ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛሉ፤ ወረቀት ላይ ብቻቸውን ስታሸቷቸው ወተት ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ከላዩ የሚረጋውን ስልባቦት ያስታውሳሉ። ብዙ ጀማሪ የአይስክሬም ሽቶ ሲቀምም ጋማውን ያበዛና ዴልታውን ይረሳል። ውጤቱ የታሸገ የኮክ ጭማቂ ነው፤ ቅባት የለውም።

ጋማ ኖናላክቶን ኮኮናት ነው። ትንሽ ስትገባ ክሬሙን ታወፍራለች፤ ስትበዛ ግን ሽቶው የባሕር ዳርቻ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ አይስክሬም ብላችሁ ማንንም አታሳምኑም።

ቫኒሊን የታወቀ ነው። ኬሚስቶቹ ፈርዲናንድ ቲማንና ቪልሄልም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1874 ጀርመን ውስጥ ከጥድ ከሚገኝ ኮኒፈሪን ከተባለ ውህድ ከሠሩት ወዲህ፣ ለቫኒላ መዓዛ የቫኒላን ፍሬ መጠበቅ ቀርቷል። ኢቲል ማልቶል ደግሞ የተቃጠለ ስኳርና የጥጥ ከረሜላ መዓዛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ኤንጀል የተባለው የቲየሪ ሙግለር ሽቶ ስመ ጥር ያደረገው እርሱን ነው። በዚህ ሥራ ላይ ግን ቆንጠጥ አድርጉት። አይስክሬም ስኳር አለው፤ ስኳሩ ግን አልተቃጠለም። ኢቲል ማልቶል በበዛ ቁጥር ሽቶው ይሞቃል፤ የሞቀ አይስክሬም ደግሞ አይስክሬም አይደለም።

ስለ ቅቤ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክሬሙ «እውነተኛ» እንዲሆን ብዬ አንድ ጊዜ ከቅቤ የሚገኘውን ቡቲሪክ አሲድ በጣም አቅጥኜ ጨመርኩበት። ለእኔ ወተት ሸተተኝ፤ ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ለእናቴ ሰጠኋት። አሸተተች፣ ወረቀቱን ከፊቷ አራቀችና «ልጄ፣ ይህ እኮ ሦስት ቀን ያደረ የራስ ቅቤ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ለጋ ቅቤ አናት ላይ የተቀባ ዕለትና ከቀናት በኋላ የሚሸተውን ልዩነት የምታውቁ ሁሉ ይህን ንጥረ ነገር ለምን እንደማልመክር ይገባችኋል። በቆዳ ሙቀት ላይ የሚያሸንፈው የኋለኛው ነው። ቅባቱን ከሰንደል ውሰዱት። ሳንዳሎር የተባለው ሰው ሠራሽ ሰንደል የወተት ልስላሴ አለው፤ ቶሎም አይጠፋም።

የክሬሙ አቀማመም፣ በግራም፦
ኢቲሊን ብራሲሌት 4.50
ዴልታ ዶዴካላክቶን 1.50
ሳንዳሎር 1.20
ቫኒሊን 1.20
ዴልታ ዴካላክቶን 1.00
ኢቲል ማልቶል 0.30
ጋማ ኖናላክቶን 0.30

ድምሩ 10 ግራም ነው። ኢቲሊን ብራሲሌት ለስላሳ ምስክ ነው፤ እዚህ የሚሠራው በክሬም ውስጥ አየር የሚሠራውን ሥራ ነው። አይስክሬም ሲመታ አየር ካልገባበት ድንጋይ ይሆናል፤ ይህ ቅልቅልም ያለ ምስክ ይከብዳል። ቫኒሊንና ኢቲል ማልቶል ዱቄት ስለሆኑ 10 ግራም አልኮል ጨምራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሙ አነቃንቁ። አሁን እጃችሁ ላይ 20 ግራም፣ 50 በመቶ የሆነ የክሬም መፍትሔ አለ። ሌሊቱን አሳድሩት።

ደረጃ 4፦ ማንጎው

ማንጎ ጣፋጭ ብቻ አይደለም። ልጣጩን በጥፍራችሁ ጫር አድርጋችሁ ብታሸቱት ሙጫና ተርፔንታይን የሚመስል ኃይለኛ ሽታ አለው። በከተሞቻችን መንገድ ዳር ቅርንጫፎቹን አንጠልጥሎ የሚታየው የቁንዶ በርበሬ ዛፍ የማንጎ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። ቅጠሉን ጨፍልቃችሁ አሽትቱ፤ ከጥሬ ማንጎ ልጣጭ ጋር ያለው ዝምድና ወዲያው ይታወቃችኋል። ይህ የሙጫ ጠርዝ የሌለው ማንጎ ኮክ ሆኖ ይቀራል። ጠርዙን የሚሰጠን ተርፒኖሊን ነው።

ሁለተኛው ምሥጢር ድኝ ነው። የበሰሉ የሞቃት አገር ፍሬዎች እጅግ ጥቂት የድኝ ውህዶች አሏቸው፤ ብቻቸውን ሲሸቱ ያስቀይማሉ፣ በተገቢው መጠን ሲገቡ ግን ፍሬውን ሕይወት ይዘሩበታል። ለዚህ ኦክሳን የተባለውን ተጠቀሙ፤ በፓሽን ፍሬ ውስጥም ይገኛል። ብልቃጡን ክፍሉ ውስጥ ሳይበረዝ አትክፈቱት። 1 በመቶ ሆኖ የተበረዘው እንኳ ይበቃል።

በግራም፦
ሄዲዮን 4.00
ጋማ ዴካላክቶን 1.50
ሊናሎል 1.20
ሄክሲል አሲቴት 0.80
ኢቲል 2-ሜቲል ቡቲሬት፣ በ10 በመቶ 0.60
ጋማ ኡንዴካላክቶን 0.50
ቤታ አዮኖን 0.30
ተርፒኖሊን 0.30
ኢቲል ቡቲሬት፣ በ10 በመቶ 0.30
ሲስ-3-ሄክሰኖል፣ በ10 በመቶ 0.30
ኦክሳን፣ በ1 በመቶ 0.20

ይህም 10 ግራም ይሆናል። ሁለቱ የተበረዙ ኤስተሮች፣ ኢቲል 2-ሜቲል ቡቲሬትና ኢቲል ቡቲሬት፣ ለምን እንዲህ አነሱ የሚል አይጠፋም። እኔም አንድ ጊዜ ኢቲል ቡቲሬትን ሳልበርዝ ጨምሬ የልጆች የሳል ሽሮፕ አግኝቻለሁ። ሲስ-3-ሄክሰኖል የታጨደ ሣር ነው፤ እዚህ የፍሬውን ግንድ ያሳያል።

ደረጃ 5፦ ቅዝቃዜው

በረዶ ሽታ የለውም። ስለዚህ «የበረዶ መዓዛ» እየፈለጋችሁ አትድከሙ። ቅዝቃዜን የሚያውቀው ሌላ የስሜት አካል ነው፤ የፊትን ስሜት የሚያደርሰው ትራይጀሚናል የተባለው ነርቭ። ሜንቶል ሳይቀዘቅዝ የቀዘቀዘ የሚመስለን በነርቭ ጫፍ ላይ ያለውን ቅዝቃዜ ተቀባይ፣ ቲ አር ፒ ኤም 8 የተባለውን፣ ስለሚያነቃው ነው። ሙቀትና ንክኪ እንዴት እንደሚሰሙን የገለጹት ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል፤ ይህን ተቀባይ ለማግኘት ሁለቱም በየፊናቸው የተጠቀሙት ሜንቶልን ነበር።

ታዲያ ሜንቶል ለምን አንጨምርም? አፍንጫ ትዝታ ስላለው ነው። የሜንቶል ሽታ ከጥርስ ሳሙናና ጉንፋን ሲይዘን ደረታችን ላይ ከሚቀባው ቅባት ጋር ተቆራኝቷል። ማንጎና ክሬም ላይ ሲያርፍ የሚመጣው ምስል አይስክሬም ሳይሆን የታመመ ልጅ ነው። ይህንኑ ነርቭ በጥቂቱ የሚነካና ከወተት ጋር የሚስማማ ሌላ ነገር ግን ወጥ ቤታችን ውስጥ አለ፤ ሄል። የሄል ዘይት ከዋና ክፍሎቹ አንዱ ሲኒኦል ነው፤ በባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ያው ውህድ ማለት ነው። ሕንዶች ኩልፊ የሚሉትን ከተነነ ወተት የሚሠራ በረዷማ ጣፋጭ፣ የማንጎውንም ጨምሮ፣ በሄል ያጣፍጡታል። ሄል በወተት ላይ እንግዳ አይሆንም፤ ለሻይ የምንጨምር ሁሉ እናውቀዋለን። ኮረሪማም ሲኒኦል አለው፤ ግን ጭሱና ቅመሙ ስለሚከብድ ሽቶውን ወደ ወጥ ቤት ይጎትተዋል። እኔ ሄሉን እመርጣለሁ።

የቀረውን ቅዝቃዜ የሚሰጠው ጥራት ነው፤ ማለትም ግልጽ፣ ቀጭን፣ ጣፋጭነት የሌለው መዓዛ። ሄሊዮናል የውኃ ስሜት አለው፣ ፍሎራሎዞን ክፍት መስኮት ነው፣ አልዲሃይድ ሲ-12 ኤም ኤን ኤ ደግሞ በጣም ሲቀጥን የብረት ማንኪያ ላይ ያረፈ ውርጭ ይመስላል። ናና በጥቂቱ ትግባ፤ መኖሯ የማይታወቅ፣ ስትጎድል ግን የምትታወቅ ሆና።

በግራም፦
የሎሚ ዘይት (በእንፋሎት የተነጠረ) 2.20
ሄሊዮናል 1.00
የሄል ዘይት 0.80
ፍሎራሎዞን፣ በ10 በመቶ 0.50
አልዲሃይድ ሲ-12 ኤም ኤን ኤ፣ በ1 በመቶ 0.30
የናና ዘይት፣ በ1 በመቶ 0.20

ድምሩ 5 ግራም። የሎሚው ዘይት በእንፋሎት የተነጠረ እንዲሆን አደራ። ከልጣጩ ተጨምቆ የሚወጣው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲነካው ሊያቃጥል የሚችል ንጥረ ነገር ይዟል፤ በእንፋሎት ሲነጠር ግን ያ ከባድ ክፍል ወደ ኋላ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ ማገናኘት

መነሻው 5 ለ3 ለ2 ነው፦ ክሬም 5፣ ማንጎ 3፣ ቅዝቃዜ 2። ክሬማችሁ በአልኮል ግማሽ ስለሆነ ሁለት እጥፍ ይመዘናል። ንጹሕ ብልቃጥ ሚዛን ላይ አስቀምጡና 5.00 ግራም የክሬም መፍትሔ፣ 1.50 ግራም ማንጎ፣ ከዚያ 0.70 ግራም ብቻ ቅዝቃዜ ጨምሩ። አቁሙ። ወረቀት ነክራችሁ አሽትቱ። የቀረውን 0.30 ግራም በ0.10 በ0.10 እየጨመራችሁ በየመካከሉ አሽትቱ። እንዲህ የማደርገው ቅዝቃዜው ከሦስቱ የሚጠነክረው እርሱ ስለሆነና ከገባ በኋላ ማውጣት ስለማይቻል ነው።

1.00 ግራሙ በሙሉ ከገባ ብልቃጡ ውስጥ 7.50 ግራም አለ፤ የተበረዙት ንጥረ ነገሮች አልኮል ሲቀነስ ከዚያ ውስጥ 4.6 ግራም ያህሉ መዓዛ ነው። 25.80 ግራም አልኮል ስትጨምሩበት ድምሩ ወደ 33 ግራም ይደርስና 14 በመቶ ገደማ ጥንካሬ ያለው ሽቶ ይሆናል። አልኮል ከውኃ ስለሚቀል ይህ በመጠን 40 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው።

ደረጃ 7፦ ማረም

ወረቀት ብቻ አትመኑ። በአንድ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ አድርጉና በደረጃ 1 እንዳደረጋችሁት ሰዓት ይዛችሁ አሽትቱ። ሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን አስቀምጡ። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ውስጥ ወተት ከሸተታችሁ መቅለጡ ቸኩሏል፤ ዴልታ ዴካላክቶኑን በአንድ ሦስተኛ ቀንሱና ያንኑ ያህል ዴልታ ዶዴካላክቶን ጨምሩ፣ እርሱ ይዘገያልና። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማንጎው ጨርሶ ከጠፋ ጋማ ኡንዴካላክቶኑን ከፍ አድርጉ እንጂ ኤስተሮቹን አትንኩ፤ ኤስተር ቢጨመርም ያው ቶሎ ይበራል። ሎሚው የወለል ማጽጃ ከመሰለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሎሚው አይደለም፤ አልዲሃይዱ በዝቷል። ሁሉም ነገር ጥሩ ሆኖ ግን የሚሰለች ጣፋጭነት ከቀረ ኢቲል ማልቶሉን በግማሽ አውርዱ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ማስተካከያ አለ። በዚያ ሙቀት ላክቶንና ቫኒሊን ከመጠን በላይ ያብጣሉ፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ደጃፍ ሳይደርስ ይበራል። ክሬሙን ወደ 4፣ ማንጎውን ወደ 3፣ ቅዝቃዜውን ወደ 3 ለውጡ። በዚያ የተለመደውን አልኮል አልባ የዘይት ሽቶ ለመሥራት ከፈለጋችሁ ይህ ቅልቅል አይመቻችሁም፤ ዘይት መነሻውን ያፍናል፣ አይስክሬሙም ቀልጦ ይጀምራል።

ደረጃ 8፦ ማሳረፍና ማጥለል

ብልቃጡን ጨለማ ቦታ ሁለት ሳምንት አሳርፉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፍሎቹ ተለያይተው ይሸታሉ፤ አትደናገጡ፣ አትነካኩትም። ከዚያ አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። ደፍርሶ ወይም ከሥሩ ደቃቅ ነገር ረግቶ ከሆነ፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልሉት።

ቀለሙም ይለወጣል። ቫኒሊን ጊዜ ሲሄድ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል። የመጀመሪያውን ጥሩ ቅልቅሌን የበዓል ዕለት አንገቴ ላይ ረጭቼ ነጭ ነጠላ ደረብኩበት፤ ማታ ሳወልቀው ጥለቱ አጠገብ የሻይ ጠብታ የመሰለ ምልክት ቀርቶበት ነበር፣ ታጥቦም አልለቀቀም። ስለዚህ ልብስ ላይ ሳይሆን ቆዳ ላይ አድርጉት፤ ደግሞም ልብስ አይሞቅምና አይስክሬሙን አያቀልጠውም። ክንዳችሁ ላይ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ ስልባቦቱ በዚያ ሰዓት መምጣት አለበት።